የግንበኛው ሳቅ

ከጓዳ የልጆቼ ሳቅ ሲሰማኝ የያዝኩትን ጥዬ እሄዳለሁ። ሲያለቅሱ እንኳ እንዲህ አልሆንም። የሚያለቅስ ልጅ ቢያንስ አንድ ነገር እንደሆነ እየተናገረ ነው። ልቤን የሚሰቅለው ሳቃቸው ነው። በሩን ገፋ አድርጌ አንድ በአንድ ፊታቸውን አያለሁ፤ ዓይናቸውም አብሮ እየሳቀ መሆኑን ሳላረጋግጥ አልመለስም። "እማዬ ደግሞ! ሰው ሲስቅ የሚሞት ይመስልሻል እንዴ?" ትለኛለች ትልቋ። "ተዪያት ልጄ፣" ይላል አባቷ ከተቀመጠበት፣ "እናትሽ ሠርግ ቤት ብትገባ እንኳ መጀመሪያ የምታየው እሳት ቢነሳ በየት በኩል እንደሚወጣ ነው።" ይሄኔ ሁሉም ይስቃሉ። እኔም ፈገግ እላለሁ፤ ፈገግ እያልኩም የትንሹን ፊት ደግሜ አያለሁ።

ይህ አመል ከየት እንደያዘኝ አውቃለሁ። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው።

እናቴ ወጌሻ ነበረች። የምንኖረው ከረጅም የኪራይ ቤቶች መደዳ በአንዷ፣ በመጋረጃ ለሁለት በተከፈለች ክፍል ውስጥ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የቅባት ጠርሙስ፣ ተቀዶ የተጠቀለለ አንሶላና አንድ እቅፍ የቀርከሃ ስንጥር አለ። ከመጋረጃው ወዲህ አልጋችንና የእኔ ደብተሮች ናቸው። የታመመ ሰው ሲመጣ ወዲህ እባረራለሁ። "ሰው ሲያመው ቆሞ ማየት ነውር ነው" ትላለች እናቴ። ስለዚህ ሥራዋን አይቼው አላውቅም፤ ሰምቼው ነው ያደግኩት።

እሷም ብትሆን የምትሠራው በጆሮዋ ነበር። "የት ጋ ነው ያመመህ?" ብላ ትጠይቃለች እንጂ መልሱን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። ሚስቶች ባላቸው እንዲሰማ ያጋንናሉ፤ ባሎች ሚስታቸው እንዳትሰማ ይደብቃሉ። "አፍማ ይቀጥፋል፤" ትል ነበር፣ "ድንገት ሲነኩት የሚያመልጠው ድምፅ ነው የማይቀጥፈው።" "ውይ!" ብሎ ቶሎ የሚያልፍለት ወለምታ ነው። "ወይኔ እናቴ!" ብሎ የሚጎትት ውልቃት ነው፤ እሱን ስባ ትመልሰዋለች። ጀምሮት መሃል ላይ ድምፁ ቁርጥ ያለበት ግን አጥንቱ ተሰብሯል። ይሄኔ እጇን ታነሳለች። "ይሄ የኔ አይደለም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዱት" ትላለች። የቱንም ያህል ቢለምኗት የተሰበረ አትነካም ነበር።

እኔም አልጋው ላይ በደረቴ ተኝቼ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ እገምታለሁ። "ወለምታ" እላለሁ በሹክሹክታ። እናቴ ከወዲያ "ወለምታ ነው፣ አይዞህ" ስትል ትራሱን በደስታ እደልቀዋለሁ። በግራ በኩል ያለችው ጎረቤታችን፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ይህን አመሌን ስለምታውቅ "ጆሮ ጠቢ" ትለኛለች። እሷን ደግሞ ሰፈሩ በምላሷ የተነሳ "መርፌ" ይላታል፤ እኔ ግን ፊት ለፊቷ እትዬ ነው የምላት።

በቀኝ በኩል ግንበኛው ተከራየ።

ከድንበር ማዶ፣ ትልቁን ሕንፃ ለመሥራት ከመጡት አንዱ ነው። ቋንቋችንን የተማረው ከሥራ ቦታ ስለነበረ የሚያውቀው ቃል ሁሉ አሸዋና ሲሚንቶ ይሸታል። እናቴ መጀመሪያ ሻይ ያቀረበችለት ቀን ቀመስ አድርጎ "ውሃ በዝቷል" አለ። ስኳሩ ማነሱ ነበር። ማክበር እንዳለበት አንድ ሰው ነግሮት ኖሮ ለማንም "እርስዎ" ነበር የሚለው፤ ለእኔም፣ ለድመቷም። "እርስዎ ድመት፣ እባክዎ ይውጡ" ሲላት እናቴ በሻሿ አፏን ትሸፍን ነበር። እሱ ግን ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ፈገግ ይልና አንገቱን ይደፋል፤ በቃ።

በክፍላችንና በክፍሉ መሃል ያለው ግድግዳ ተሰንጥቆ ነፋስ ያስገባ ነበር። አንድ እሁድ መጥቶ ቱንቢውን ከጣሪያው ሰቀለ፣ ስንጥቁን ጠርቦ ደፈነው፣ ለሰነው። እጁን አፍጥጬ ሳይ ዋልኩ። ቀኝ እጁ ለብቻው አእምሮ ያለው ይመስል ነበር፤ እሱ ወደ እናቴ እያየ እጁ ሥራውን አይስትም። እናቴ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ሻሽ ቀየረች። መርፌ ይህን አላለፈችውም። "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! ወጌሻችን ግድግዳ ብቻ መስሏት ነው እንጂ ሰውየው የለሰነው ሌላ ነገር ነው" አለች ለደንበኛዋ፣ እኔ ቁልፍ ስመርጥላት።

አባቴን አላውቀውም፤ ሳልጠና ነው የሞተው። ስለዚህ ምን እንደፈለግኩ መናገር አያስፈልገኝም። ግንበኛው በዚያኛው በር ወጥቶ በዚህኛው በር እንዲገባ ነበር የፈለግኩት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የሕንፃ ሥራው ፎርማን ግንበኛውን ደግፎ ይዞት መጣ። ከመወጣጫው እንጨት ላይ ወድቆ ነው። እናቴ እኔን በዓይኗ ወደ መጋረጃው ሸኘችኝ።

"እትዬ፣ ቀኝ እጁ ነው" አለ ፎርማኑ። "ሆስፒታል እንዳልወስደው ወረቀት ቢሉትስ? ይሄ ሰው ደግሞ ወረቀት የለው።"

"እስቲ ልየው። የት ጋ ነው?"

"እዚህ። ያማል" አለ ግንበኛው።

"እሱን ተወው። እኔ ስነካህ የመጣልህን በል፤ እንዳታፍን።"

ያልጠበቅኩትን ድምፅ ሰማሁ።

"ሂ... ሂ ሂ ሂ..."

ቀጭን ነው፣ ፈጣን፤ ብብቱን እንደተኮረኮረ ልጅ። ግንበኛው ሳቀ! አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ምን ያስቅሃል?" አለች እናቴ።

"ይቅርታ። ያማል።"

"ያማል እያለ የሚስቅ ሰው ዛሬ አየሁ!"

"እሱ እንዲህ ነው፣ እትዬ" አለ ፎርማኑ። "ባለፈው ብሎኬት እግሩ ላይ ሲወድቅም እንዲሁ ነው የሳቀው። አብረውት የሚሠሩት ልጆች እስካሁን ያወሩታል።"

"እጅ... በጣም ያማል" አለ ግንበኛው።

ይሄኔ አላስቻለኝም። "እጄን በጣም ያመኛል ነው የሚባለው!" አልኩ ከመጋረጃው ወዲህ።

"አንቺ ልጅ! ደብተርሽን!" አለች እናቴ፤ ግን ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበር። ፎርማኑም ሳቀ።

"እጄን በጣም ያመኛል" ብሎ ደገመው ግንበኛው፣ አስተማሪ ፊት እንደቆመ ተማሪ እያንዳንዱን ቃል እየለየ። ተከትሎም ያ ድምፅ መጣ፤ "ሂ ሂ ሂ..."

እናቴ ደጋግማ ነካችው። ደጋግሞ ያንኑ አለ። በመጨረሻ ፍርዷን ሰጠች። "አልተሰበረም። አጥንቱ የተሰበረ ሰው እንዲህ አይሆንም፤ እኔ አውቀዋለሁ። ውልቃት ነው።" ፎርማኑን ትከሻውን እንዲይዘው አዘዘችውና ሳበችው። አንድ ነገር ቀጭ አለ። ድምፁ ረዘመ፣ ፈጠነ፣ "ሂሂሂሂሂ" እያለ ክፍሉን ሞላው፤ እኔም ትራሱ ውስጥ ፊቴን ቀብሬ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። እናቴ በስንጥር ደግፋ፣ በአንሶላው እስከ ጣቶቹ ጫፍ ድረስ ጠቅልላ አሰረችው። "ጥብቅ ማለት አለበት፤ ከላላ አይያዝም" ስትል ሰማኋት።

ቤታችን ውስጥ የወንድ ሳቅ የተሰማበት የመጀመሪያው ቀን ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቀን የበለጠ ደስ ብሎኝ የተኛሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ዛሬ ያንን ድምፅ ሳስታውስ ሌላ ነገር ይሰማኛል። ሳቅ ትንፋሽ ያስወጣል። የሱ ግን ወደ ውስጥ ነበር የሚገባው፤ በተነከሰ ጥርስ መሃል፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ይህን ለማወቅ ወጌሻ መሆን አያስፈልግም። ነገር ግን ሁላችንም፣ እናቴም ጭምር፣ የምናውቀውን ነበር የምንሰማው።

በማግስቱ ከግድግዳው ወዲያ ሲስቅ ነቃሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስም ይስቅ ነበር። ግድግዳውን በጣቴ ቆርቆር አደረግኩና "ሂ ሂ ሂ" ብዬ መለስኩለት። ዝም አለ። ሰምቶኛል ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ ሾርባ ስትወስድለት ተከትያት በሩ ድረስ ሄድኩ።

"ያመሃል?" አለችው።

"ያመኛል" አለ ግንበኛው፤ አሁን አስተካክሎ ነበር የሚለው። ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

"ቻለው። ውልቃት ሲመለስ ያቃጥላል። ይተውሃል።" ሾርባውን በማንኪያ አበላችው። ሰው በማንኪያ የምታበላው እኔን ስታመም ብቻ ስለነበር፣ ነገሩ አለቀለት አልኩ በልቤ።

ሮጬ መርፌ ጋ ሄድኩ። "እትዬ፣ እማዬና ግንበኛው ሊጋቡ ነው።"

"ማን አለ?"

"ማንም። ግን ከትናንት ጀምሮ ሲስቅ ነው የሚውለው።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻውን።"

የስፌት መኪናዋ ፔዳል ቆመ። "ብቻውን ይስቃል? አንቺ ጆሮ ጠቢ፣ ሰው ብቻውን የሚስቀው ወይ ሲያብድ ነው ወይ..." ሳትጨርሰው ተወችው። ትንሽ ቆይታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እናትሽ ነገሩን መጨረሻ ላይ ሳትሰማው አትቀርም" አለች። ስለ ሠርጉ የምታወራ ነበር የመሰለኝ። ዛሬም ቢሆን ያን ጊዜ ምን እንደጠረጠረች እርግጠኛ አይደለሁም።

ከዚያ ሳቁ ቆመ። ግድግዳውን ብቆረቁርም መልስ የለም። እናቴ ግን ከክፍሉ ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። "አሁን አያመኝም አለኝ፤ ጭራሽ አያመኝም። ይኸው ተወው" አለች። እኔ ከፋኝ፤ የተጣሉ መሰለኝ። እሷ ተደሰተች፣ እኔ አዘንኩ፤ የሁለታችንም ምክንያት ስህተት ነበር። ሕመሙ የተወው እጁ ስለዳነ አልነበረም።

መርፌ የሸሚዙን እጅጌ በእስሩ ልክ ልታሰፋለት ብላ ክፍሉ ገባች። ወዲያው ወጣች፤ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ይዛ እናቴ ጋ መጣች። እንደወትሮዋ አልጮኸችም።

"እህቴ፣ ሽታ አለው።"

"ቅባቱ ነው።"

"ቅባትሽን አውቀዋለሁ። ነይና እይ።"

እናቴ ሄደች። እኔ በልማዴ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ጨርቅ ሲፈታ ሰማሁ፤ ዙር በዙር። ግንበኛው ምንም አላለም። ከዚያ "ወይ..." የሚል ድምፅ መጣና መሃል ላይ ቁርጥ አለ። ሌላ ሳልጠይቅ፣ ሳላስብ፣ "ስብራት" አልኩ። "ወይ" ያለችው ግን እናቴ ነበረች።

በታክሲ ይዛው በረረች። ሆስፒታሉ በር ላይ ወረቀት የጠየቃቸው አልነበረም፤ ይህን ብዙ ቆይቼ ነው የሰማሁት፣ ከራሷ አፍ። "እንዲያው ዝም ብለው ነው ያስገቡን" ትል ነበር፤ ከሆነው ሁሉ ይልቅ ያ ነገር የሚያቃጥላት እየመሰለኝ።

እኔ መርፌ ጋ ቆየሁ። በማግስቱ አንዲት ደንበኛ መጥታ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወሩ ነበር።

"ከየት ጋ ነው?"

"ከክርኑ በታች ነው አሉ።"

"ቀኙን?"

"ቀኙን።"

"ወይ የሰው አገር ሰው!"

መርፌ ክርንና አንጓ ስትለካ ስለምትውል ስለ ሸሚዙ መሰለኝ። ለሠርጉ አጭር እጅጌ እየሰፋችለት ነው ብዬ "ቀለሙ ምንድነው?" ብዬ ጠየቅኳት። ሴትዮዋ አፍጥጣ አየችኝ። መርፌ ግን ራሴን ወደ ጭኗ ሳበችና ጸጉሬን ስትደባብስ ቆየች። እሷ እንዲህ አድርጋኝ አታውቅም። ያን ጊዜ ትንሽ ፈራሁ።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ሰው አልነካችም። ሰዎች በሽተኛ ተሸክመው መጥተው በር ላይ ሲያለቅሱ "ጆሮዬ ተበላሽቷል" እያለች ወደ ሆስፒታል ትመልሳቸዋለች፤ የሽንት ቤትና የደረጃ እጥበት ሥራ ያዘች። አንድ አዲስ አመል ግን አወጣች። ከሩቅ የመጣ ሰው ስታገኝ፣ የጭነት መኪና ሾፌርም ይሁን ነጋዴ፣ ታቆመውና "ወንድሜ፣ በናንተ አገር ሰው ሲያመው ምን ይላል?" ትለዋለች። ሰዎቹ ይስቁና ያሳዩአታል። አንዱ ምላሱን ያንቋቋል። አንዱ እንደ ላም ያምባርቃል። አንዷ ሴት ቡፍ አለች፣ ሻማ እንደምታጠፋ። እኔ ጨዋታ መስሎኝ እስቅ ነበር፤ ቤት ስንገባ እሷ እቃ እያጠበች ሁሉንም በየተራ በሹክሹክታ ስትደግማቸው እሰማለሁ። "ለምንሽ ነው?" ስላት "እንዲያው" ትላለች። እንዲያው አልነበረም። ሊመጣ ለማይችል ሰው እየተዘጋጀች ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ግንበኛው ከሄደ በኋላ ነው። የሄደበትን ቀን ልንገራችሁ።

ከሰዓት በኋላ መጣ። መኪና መንገድ ላይ ይጠብቀዋል፤ ፎርማኑ ሻንጣውን ይዞለታል። የሸሚዙ ቀኝ እጅጌ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እኔ ያንን ባዶ እጅጌ እያየሁ እጁ ውስጥ የት ጋ እንደታጠፈ እፈልግ ነበር። እናቴ በዚያ ቀን ወደ መጋረጃው አልሸኘችኝም። መኖሬን የረሳች መሰለኝ።

አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሷ ቆመች።

"ለምን አልጮህክም?" አለችው።

ቀና ብሎ አያት። "ጮኼ ነበር።"

"አልጮህክም! ስቀሃል። እኔ እኮ የተሰበረ ሰው ድምፅ አውቃለሁ፤ በሕይወቴ የማውቀው እሱን ብቻ ነው። አንዴ፣ አንዴ ብቻ ብትጮህልኝ ኖሮ እጄን አነሳ ነበር።"

"ጮኼ ነበር" አለ እንደገና፣ በቀስታ፣ እንዳይቆጣት የሚጠነቀቅ ይመስል። "እኛ አገር እንዲህ ነው የሚጮኸው።" ጥርሱን ገጠመ፤ ከንፈሩ ወደ ጎንና ጎን ተሳበ፤ ዓይኑ ጠበበ፤ አየሩን ወደ ውስጥ ሳበው። "ሂ... ሂ ሂ ሂ... እናቴ ወንድሜን ስትወልድ እንዲህ። አባቴ ሲሞት እንዲህ። ሁሉም ሰው እንዲህ ነው። እርስዎ 'የመጣልህን በል' አሉኝ። ይሄ ነው የመጣልኝ።"

እኔ ሳቅሁ።

ያ ድምፅ ከጠፋ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር፤ እነሆ ተመለሰ፤ ታርቀዋል፤ አይሄድም። ከልቤ ነው የሳቅሁት። እናቴ ዞር አለች። ፊቷን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። እጇን አነሳች፤ በሕይወቷ መትታኝ የማታውቀው እናቴ ልትመታኝ እጇን አነሳች።

ግንበኛው ከወንበሩ ተነስቶ መሃላችን ገባ። "እርስዎ፣ ይተዉ" አላት። "ልጅ ናት። ጥፋት የለም።" ጥፋት አለመኖሩን እንዳምነው ይመስለኛል፣ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ሳቀ።

አፉን ከፍቶ ነው የሳቀው። ከሆዱ የወጣ፣ ጎርናና፣ ጠጠር ከጋሪ ሲገለበጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበር። ትከሻው ተናወጠ፤ ባዶው እጅጌም አብሮ ተናወጠ። ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ከመጋረጃው ወዲያም፣ ከግድግዳው ወዲያም አልነበረም።

የኔ ሳቅ አፌ ላይ ቀረ። ሰውየው ሲስቅ እንዲህ ከሆነ፣ ያን ሁሉ ቀን ግድግዳውን እየቆረቆርኩ የመለስኩለት ምኑን ነበር?

እሱ ፊቴን አይቶ ሳቁን አቆመ። በግራ እጁ ራሴን ነካ አደረገና "እርስዎ ትምህርት ይማሩ" ብሎኝ ወጣ። ፎርማኑ የመኪናውን በር ሲዘጋ ተሰማ። እናቴ ያነሳችው እጇ ገና አየር ላይ ነበር። ቀስ ብላ አወረደችው፤ አጠገቤ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

"ሰማሽው?" አለችኝ።

"ሰማሁት" አልኳት።